ከቆዳው ሥር ወይስ ከቆዳው ላይ? የኩሽኔታ ዝለትና የቁስሉ እድገት

በናፍጣ ታጥቦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ አሮጌ ኩሽኔታ ብዙ ይናገራል። የውጭው ቀለበት ሲወልቅ ኳሶቹ ሲመላለሱበት የኖሩት የውስጠኛው ቦይ እንደ መስታወት ያበራል። ቀስ ብለው ሲያዞሩት ግን አንድ ቦታ ላይ ብርሃኑ ይቋረጣል። እዚያ የምስር ፍሬ የምታክል ሸካራ ጉድጓድ አለች፤ ጠርዟ የተቆረሰ ዳቦ ይመስላል፣ ውስጧ ግራጫ ነው። መካኒኩ ጥፍሩን ያሳልፍባትና «በልቷል» ይላል። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ኩሽኔታው ይቀየራል። ሦስት ጥያቄዎች ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቀራሉ። ጉድጓዷ ከየት ጀመረች? ከጀመረች ስንት ጊዜ ሆናት? ሳትታይ ብትቆይ ኖሮስ ማሽኑ ስንት ቀን ይሄድ ነበር?

በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ከ140 ዓመት በላይ ተሠርቷል። የመጀመሪያው በአብዛኛው መልስ አግኝቷል፤ መልሱም በጊዜ ውስጥ ተለውጧል። ሦስተኛውን ግን ምርምሩ ለረጅም ዘመን ወደ ጎን ትቶት ኖሯል። ማሽን ለሚያንቀሳቅስ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ደግሞ እሱ ነው። ይህ ዳሰሳ ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ ይከተላል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንዲት ነጥብ፣ ሃያ ሺህ ኪሎ

ኩሽኔታ ሲታይ ቀላል ዕቃ ነው፦ ሁለት ቀለበት፣ በመካከላቸው የተደረደሩ የብረት ኳሶች፣ ኳሶቹ እርስ በርስ እንዳይፋጩ የሚያራርቅ ማቀፊያ፣ ጥቂት ግራሶ። ስሙን ከጣሊያንኛ ነው የወሰድነው፤ ትንሽ ትራስ ማለት ነው። ውስጡ የሚያልፈው ጫና ግን ከትራስ በጣም የራቀ ነው።

ኳስ ቀለበትን የሚነካው በነጥብ ነው። ነጥብ ስፋት ስለሌለው፣ ጭነቱን ለስፋቱ ስናካፍል ጫናው ወሰን የለሽ ሊሆን ነው። ይህን እንቆቅልሽ የፈታው ሃይንሪክ ኸርትስ ነው። በ1880 የገና ዕረፍት፣ በርሊን ውስጥ የፊዚክስ ሊቁ የሄልምሆልትስ ረዳት ሳለ፣ የ23 ዓመቱ ወጣት የተደራረቡ የመስታወት ሌንሶች በሚነካኩበት ቦታ ስለሚታዩት የብርሃን ቀለበቶች ያስብ ነበር። መስታወቶቹ ሲጫኑ በተነካኩበት ቦታ በጥቂቱ እንደሚጠፈጠፉ፣ ነጥቧም ትንሽ ክብ እንደምትሆን ገባው። በጥር 1881 ለበርሊን የፊዚክስ ማኅበር ያቀረበው ስሌት የክቧን ስፋትና በላይዋ ያለውን ጫና ይሰጣል። ኸርትስ የሚታወሰው ከዚያ በኋላ በሠራው የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ዛሬ ግን ኩሽኔታ የሚሠራ መሐንዲስ ሁሉ ስሌቱን የሚጀምረው ከዚያ የገና ዕረፍት ነው።

ስሌቱ የሚሰጠው ቁጥር ያስደነግጣል። በተለመደ ሥራ ላይ ያለ ኩሽኔታ ውስጥ፣ ስፋቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ክብ ላይ፣ ጫናው እስከ 2 ጊጋ ፓስካል ይደርሳል፤ አንዳንዴም ያልፋል። ይህ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 20 ሺህ ኪሎ እንደ መጫን ነው። ብረቱ ሳይጠፈጠፍ የሚችለው ዙሪያውን ያለው ብረት አቅፎ ስለሚይዘው ነው፤ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ጉዳት የሚያመጣው ንብርብሮችን አንዱን በአንዱ ላይ ለማንሸራተት የሚጎትተው ውጥረት ነው፤ ይህ ውጥረት ደግሞ ከሁሉ የሚበረታው ከላይ ሳይሆን ከገጹ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ከክቧ ግማሽ ስፋት እኩሌታ በሚሆን ጥልቀት ላይ ነው። ይኸውም ብዙ ጊዜ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። ኳስ ባለፈ ቁጥር ያ ቦታ ይጎተታል፣ ይለቀቃል፣ እንደገና ይጎተታል።

ከቆዳው ሥር

የኩሽኔታ ብረት በዓለም ላይ ከተጠኑት ብረቶች ሁሉ ቀዳሚዎቹ ውስጥ ነው። 52100 የሚባለው ዋነኛው ዓይነት ወደ 1 በመቶ ካርቦንና 1.5 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው፤ በእሳት ተቃጥሎና በዘይት ተነክሮ ሲጠነክር ተራ ሞረድ አይነካውም። ይህ ሁሉ ጥንካሬ ግን ብረቱ ሲቀልጥ ውስጡ የቀሩትን ባዕድ ቅንጣቶች አያጠፋቸውም። ከእነዚህ የከፋው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት ነው። ከብረቱ ጋር አብሮ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ውጥረቱ ዙሪያውን ይጠራቀማል። ናሙናው ተቆርጦ፣ ተወልውሎ፣ በአሲድ ተነክቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከቅንጣቱ ግራና ቀኝ ሁለት ነጫጭ ክንፎች ተዘርግተው ይገኛሉ። ተመራማሪዎች ቢራቢሮ ይሏቸዋል። በክንፎቹ ጠርዝ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ይወለዳል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማለፎች ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይገፉታል፤ አንድ ቀን ገጹ ላይ ሲደርስ ቅርፊት ያህል ብረት ተነቅሎ ይወድቃል። ያቺ የምስር ፍሬ የምታክል ጉድጓድ በጥንታዊው ታሪክ የተወለደችው እንዲህ ነው።

የብረት ዝለት ይሉታል፤ ስሙ ጥሩ ነው። ብረቱ በአንድ ትልቅ ምት አልተሰበረም፣ ሊሸከመው በሚችለው ጭነት ሲመላለሱበት ዛለ።

መቼ ይዝላል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከብረት ወደ ዕድል የሚሻገረው። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ብረት፣ በአንድ ማሽን የተሠሩ ሠላሳ ኩሽኔታዎችን በእኩል ጭነት ብናሽከረክራቸው አንዱ ቶሎ ይቀረፋል፤ ሌላው ከእሱ ብዙ እጥፍ ይኖራል። ክፉው ቅንጣት በክፉው ቦታ መገኘት አለመገኘቱ ነው ልዩነቱ። ስዊድናዊው አርቪድ ፓልምግሬን በ1924 ያሳተመው ሥራ ይህን መበታተን ተቀብሎ የተነሳ ነው። ሌላው ስዊድናዊ ዋሎዲ ቫይቡል በ1939 የብረት ጥንካሬን በዕድል ሒሳብ የሚገልጽ ንድፈ ሐሳብ አወጣ። በ1947 ጉስታፍ ሉንድበርግና ፓልምግሬን ሁለቱን አዋሕደው ዓለም እስከ ዛሬ የሚጠቀምበትን ቀመር ሰጡ። ኤል 10 የሚባለው ዕድሜ ማለት ከመቶ ኩሽኔታ አሥሩ የሚቀረፉበት፣ ዘጠናው በሕይወት የሚያልፉት የዙር ብዛት ነው። በካታሎግ ላይ ከእያንዳንዱ ኩሽኔታ አጠገብ የሚጻፈው የመሸከም አቅም ደግሞ ይህ ዕድሜ ልክ አንድ ሚሊዮን ዙር የሚሆንበት ጭነት ነው። አንድ ሚሊዮኑ በደቂቃ 33 ከሲሶ ዙር ለ500 ሰዓት መሽከርከር ማለት ነው፤ ለመቁጠር እንዲመች የተመረጠ ክብ ቁጥር እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

ለኳስ ኩሽኔታ ዕድሜው ከጭነቱ ኩብ ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። በትናንሽ ሞተሮች ውስጥ በብዛት የሚገኘውን 6205 እንውሰድ፤ የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ነው፣ አቅሙ ወደ 14 ኪሎ ኒውተን። የአቅሙን አንድ አሥረኛ፣ ማለት ወደ 140 ኪሎ ገደማ፣ ብንጭነው ኤል 10 ዕድሜው አንድ ቢሊዮን ዙር ይወጣል፤ በደቂቃ 1,500 ለሚዞር ሞተር ከ11 ሺህ ሰዓት በላይ ነው። ጭነቱን እጥፍ ብናደርገው 11 ሺህ ሰዓቱ ወደ 1,400 ገደማ ይወርዳል። ቺንጊያ ከልክ በላይ ሲወጠር፣ ፑሌጊያ ሲዛነፍ፣ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ባለቤቱ «ኩሽኔታው ጥራት የለውም» ይላል፤ ኩሽኔታው ግን የተጫነበትን ያህል ነው የኖረው።

ይህን ቀመር አከብረዋለሁ፤ ሁለት ነገሮች ግን ሊረሱ አይገባም። አንደኛ፣ የሚናገረው ስለ ብዙኃኑ ነው። የሕዝብ ቆጠራ ስለ አንድ ሰው ዕድሜ እንደማይናገር ሁሉ ኤል 10ም እጃችን ላይ ስላለው ኩሽኔታ አይናገርም፤ በቀመሩ መሠረት ግማሾቹ ኩሽኔታዎች ከኤል 10 ከአምስት እጥፍ በላይ ይኖራሉ። ሁለተኛው ይብሳል። በእነዚህ ሙከራዎች ሁሉ የኩሽኔታ ዕድሜ የሚያበቃው የመጀመሪያዋ ቅርፊት ስትወድቅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በስሌቱ ውስጥ የለም። ንድፈ ሐሳቡ ዕድሜው ሁሉ ስንጥቁ እስኪወለድ ያለው ነው፣ እድገቱ ከቁጥር አይገባም ብሎ ተነሳ። ሥራውን ለጀመሩት ሰዎች ይህ ምክንያታዊ ነበር፤ ለእኛ ግን ክፍተት ሆኖ ቀርቷል።

ቁስሉ ወደ ላይ ወጣ

ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ብረት አቅላጮቹ ጠላታቸውን አወቁ። የቀለጠውን ብረት አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ በማሳለፍ ኦክስጅኑን አወጡለት። ቀድሞ ከሚሊዮን በብዙ አሥሮች እጅ ይቆጠር የነበረው ኦክስጅን ዛሬ በጥሩ የኩሽኔታ ብረት ከ10 እጅ በታች ነው። ቅንጣቶቹ ሲያንሱ ኩሽኔታዎቹ የሉንድበርግና የፓልምግሬን ቀመር ከሚለው በላይ መኖር ጀመሩ። በ1985 ተመራማሪዎቹ ኢዮአኒደስና ሃሪስ ከዚህ ተነስተው አዲስ ሐሳብ አቀረቡ፦ ውጥረቱ ከተወሰነ ወሰን በታች ከሆነ ብረቱ ጨርሶ አይዝልም፤ ዕድሜው ማብቂያ የለውም። የናሳው ኤርዊን ዛሬትስኪ ለዓመታት ተቃወመ፤ የጠነከረ የኩሽኔታ ብረት እንዲህ ያለ ወሰን እንዳለው ማስረጃው አይደግፍም ሲል ተከራከረ። በ2007 የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይ ኤስ ኦ 281፣ የዝለት ወሰንን ሐሳብ ተቀብሎ ከዘይቱ ንጽሕናና ውፍረት ጋር አዛምዶ አስገባው። ክርክሩ ለሳይንስ ትልቅ ነው፤ እኔ ግን ከተግባሩ ቦታ ሳየው ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት ነገር ይበልጥብኛል። ማብቂያ የሌለው ዕድሜ አለ ቢባል እንኳ የሚገኘው አቧራና ውሃ በሌለበት ነው። አቧራና ውሃ የሌለበት ማሽን ደግሞ ጥቂት ነው።

የታሪኩ ማዕከል ከብረቱ ሆድ ወደ ገጹ የተዛወረውም በዚህ ምክንያት ነው። ኳሱንና ቦዩን የሚለየው የዘይት ስስ ሽፋን ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ማይክሮን አይበልጥም፤ የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነው። እንዲህ የሳሳ ነገር ያን ሁሉ ጫና እንዴት እንደሚችል ለረጅም ጊዜ አልታወቀም ነበር። በ1949 በሶቪየት ኅብረት የታተመው የኤርቴልና የግሩቢን ሥራ፣ ከዚያም በ1959 እንግሊዛውያኑ ዳውሰንና ሂጊንሰን ያወጡት ስሌት መልሱን ሰጡ። ዘይቱ በዚያ ጫና ሥር ለቅጽበት እየወፈረ ወደ ጠጣርነት ይጠጋል፣ ብረቱም በጥቂቱ ይለጠጥለታል፤ ሁለቱ ተጋግዘው ሽፋኑን ይጠብቁታል። በዚህ ሁሉ ዘርፍ ውስጥ ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግኝት የለም።

እንግዲህ በዚህ ከአንድ ማይክሮን የሳሳ ሽፋን ውስጥ አሥር ማይክሮን የምታህል የአሸዋ ቅንጣት ትግባ። ኳሱ ይደፈጥጣታል፤ እሷም ቦዩ ላይ ትንሽ ስርጉድ ታትማለች። ዋናው ጉዳት ከስርጉዷ ይልቅ በዙሪያዋ በሚነሳው ከንፈር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያልፍ ኳስ ሁሉ ያን ከንፈር ይረግጣል፤ ዘይቱ እዚያ ይሳሳል፣ ጫናው እዚያ ይዘላል፣ ስንጥቁ ከቆዳው ሥር ሳይሆን ከቆዳው ላይ ይጀምራል። ሴይልስና ማክፈርሰን በ1982 የዘይት ማጣሪያን ከ40 ማይክሮን ወደ 3 ማይክሮን ሲያጠቡ የኩሽኔታ ዕድሜ እስከ ሰባት እጥፍ መጨመሩን አሳዩ። ውሃም እንዲሁ ነው። በ1977 ካንትሊ ባወጣው ቀመር መሠረት ዘይት ውስጥ ያለው ውሃ ከሚሊዮን 100 እጅ ወደ 400 ሲወጣ ዕድሜው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ከሚሊዮን 400 እጅ ማለት በአንድ ሊትር ዘይት ውስጥ ከግማሽ ሚሊ ሊትር ያነሰ ውሃ ነው፤ ጥቂት ጠብታ።

በአገራችን ይህ ክፍል ከቀመሮቹ ሁሉ ይቀድማል ብዬ አምናለሁ። አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ክዳኑ የጠፋ የግራሶ ጣሳ አይቻለሁ፤ ግራሶው ላይ የጤፍ ዱቄት ነጭ ሆኖ ተኝቶበታል። ያንኑ ግራሶ በጣት እየዛቁ አዲስ ኩሽኔታ ይሞሉበት ነበር። ዱቄቱ ለስላሳ ነው፤ አብሮት የሚመጣው የአውድማ አፈርና የወፍጮ ድንጋይ ብናኝ ግን ለስላሳ አይደለም። በክረምት ጎርፍ ውስጥ የሚያልፍ ታክሲም ፓራውሊዮው ካረጀ ሞዞው ውስጥ ውሃ ያስገባል፤ ኩሽኔታው የሚጮኸው ከወራት በኋላ፣ በደረቅ መንገድ ላይ ነው፤ ያኔ ውሃውን የሚያስታውስ የለም።

መዶሻውም አለ። የውስጠኛውን ቀለበት አክሱ ላይ ለማስገባት የውጭውን ቀለበት የሚመታ ሰው ምቱን በሙሉ በኳሶቹ በኩል ነው የሚያሳልፈው። ለኳስ ኩሽኔታ ዓለም አቀፉ ደረጃ የሚፈቅደው የቆመ ጫና ጣሪያ 4,200 ሜጋ ፓስካል ነው፤ በዚያ ጣሪያ ላይ የሚቀረው ስርጉድ ከኳሱ ዲያሜትር አንድ አሥር ሺህኛ ያህል ነው። ጥቂት የመዶሻ ምት ያን ጣሪያ በቀላሉ ያልፋል። ገና አንድ ዙር ያልዞረ ኩሽኔታ በኳሶቹ ልክ የተራራቁ ስርጉዶች ተሸክሞ ሥራ ይጀምራል። ተመሳሳይ የሚመስል፣ ምክንያቱ ግን ሌላ የሆነ ጉዳትም አለ። በአሜሪካ አዳዲስ መኪኖች በባቡር ተጭነው ረጅም መንገድ ሲሄዱ፣ ጎማቸው ሳይዞር በንዝረቱ ብቻ የሞዞ ኩሽኔታቸው ተፈግፍጎ ይደርስ ነበር፤ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ኩሽኔታ ዘይቱን ከመነካኪያው ገፍቶ ያስወጣልና። በኤሌክትሪክ ሞተሮች ላይ ደግሞ በኩሽኔታው በኩል የሚያመልጥ ጅረት ቦዩን እንደ ማጠቢያ ሰሌዳ ያሸበሽበዋል። አይ ኤስ ኦ 15243 እነዚህን ጉዳቶች በስድስት ቤተሰብ ይከፍላቸዋል፤ ዝለት ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው። በመጨረሻ ግን ሌሎቹም አብዛኛውን ጊዜ ወደ እሱ ይወስዳሉ፤ ዝገቱም፣ ስርጉዱም፣ የጅረቱ ጠባሳም ለስንጥቅ በር ይከፍታሉ።

ከመጀመሪያዋ ቅርፊት በኋላ

በ1935 አሜሪካዊው ስቱዋርት ዌይ በሚሽከረከሩ የብረት ጥቅሎች ላይ ያደረገው ሙከራ ዛሬም ይገርማል። ያለ ዘይት በደረቅ ሲያሽከረክራቸው ጉድጓድ አልወጣባቸውም፤ ዘይት ሲጨምር ወጣ። ስንጥቁ ገጹ ላይ አፍ ካለው ዘይት ይገባበታል፤ የሚመጣው ጭነት አፉን ሲዘጋው ውስጥ የታሰረው ዘይት መሸሻ አጥቶ የስንጥቁን ጫፍ ይገፋዋል። ከመፋጨት የሚጠብቀን ዘይት ስንጥቅ ሲያገኝ እንደ ሽብልቅ ይሠራል። በ1961 ፖል ፓሪስና ባልደረቦቹ የስንጥቅ እድገት በእያንዳንዱ ዙር ምን ያህል እንደሆነ ከጫፉ ውጥረት ጋር የሚያያዝ ሕግ አገኙ፤ ስንጥቁ በረዘመ ቁጥር የጫፉ ውጥረት ስለሚጨምር ፍጥነቱም ይጨምራል። ኩሽኔታ ውስጥ ያለው ስንጥቅ ከሚከፈት ይልቅ የሚንሸራተት ስለሆነ ሕጉ እንዳለ አይገባበትም፤ የፍጥነቱ መጨመር ግን ያው ነው።

ቅርፊቷ ከወደቀች በኋላ ደግሞ ሌላ ኃይል ይገባል። ኳሱ ጉድጓዷ ላይ ሲደርስ ድጋፉን ያጣል፣ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ከማዶ ያለውን ጠርዝ ይመታል። ስለዚህ ጉድጓዷ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አትሰፋም፤ ኳሱ በሚሄድበት አቅጣጫ በቦዩ ላይ ትረዝማለች። የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪና የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዛሬ 15 ዓመት ገደማ በሦስት የኩሽኔታ ብረቶች ላይ ይህንኑ እድገት ከመጀመሪያዋ ቅርፊት በኋላ ተከታትለዋል፤ አንዱ ያው 52100 ነው። ዘይቱ ውስጥ የሚወድቀውን ብረት እየለኩ ነበር የሚከታተሉት። እድገቱ መጀመሪያ ዝግ ይላል፣ ከዚያ ከአንድ ነጥብ በኋላ ይፈጥናል። አውሮፕላን ለሚያበር ሰው በዝግታውና በፍጥነቱ መካከል ያለችው ነጥብ ከኤል 10 ትበልጣለች፤ አብራሪው ወደ ማረፊያ የሚደርስባት ጊዜ እሷ ናትና።

ጆሮስ ምን ይሰማል? ካቻቢቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ የሚያዳምጥ መካኒክ የሚሰማው የዚያን ጠርዝ ምት ነው። ሒሳቡ ከጆሮው ጋር ይስማማል። በ6205 የውጭው ቀለበት ላይ ያለች ጉድጓድ በአንድ ዙር 3.58 ጊዜ ትመታለች፣ በውስጠኛው ላይ ያለች 5.42 ጊዜ፤ በደቂቃ 1,500 በሚዞር ሞተር ላይ የመጀመሪያዋ በሰከንድ ወደ 90፣ ሁለተኛዋ ወደ 135 ምት ነው። በ1970ዎቹ የዳበረው የንዝረት ትንተና እነዚህን ደካማ ምቶች ከሞተሩ ጩኸት ነጥሎ ማውጣት አስተማረ። ነገር ግን ማንም ጀማሪ ሊያውቀው የሚገባ ማታለያ አለ። ጉድጓዷ ስትወለድ ጠርዟ ስለታም ነው፣ ምቱም ከፍ ይላል። ቆይቶ ኳሶቹ ጠርዙን እየደቆሱ ያለዝቡታል፤ ንዝረቱ ይቀንሳል። የተሻለው ይመስላል። ጉዳቱ ግን እየተዘረጋ ነው፤ ንዝረቱ እንደገና ሲነሳ ብዙ ጊዜ ለመጨረሻው ነው። «ድምፁ ጠፍቷል፣ ግራሶ ጨምሬበት ተሻለው» የሚለውን ቃል የሰማ ሁሉ ይህን ቢያስብ እወዳለሁ።

ሙቀት የመጨረሻው ምስክር ነው፣ የሚመጣውም ዘግይቶ ነው። በየካቲት 3 ቀን 2023 በአሜሪካ ኦሃዮ ኢስት ፓለስታይን ላይ የጭነት ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ 38 ፉርጎዎች ወደቁ፤ አደገኛ ኬሚካል የጫኑም ነበሩበት። መነሻው የአንድ ፉርጎ የጎማ ኩሽኔታ ነበር፤ ኳስ ሳይሆን ሾጣጣ ጥቅል ያለው ዓይነት ነው፣ የአሟሟቱ ሒደት ግን ከኳሱ ብዙ አይርቅም። በሐዲዱ ዳር ያሉት የሙቀት መቆጣጠሪያዎች ከአካባቢው አየር በላይ የነበረውን ሙቀት መዝግበውታል፦ መጀመሪያ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ አልፎ 57፣ ከዚያ 31 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ 140። ሁለተኛው ቁጥር ባቡሩን ለማስቆም ከተቀመጠው ወሰን በታች ነበር። ሦስተኛው ደወል ሲያሰማ ጊዜው አልፏል። ሦስቱ ቁጥሮች ተደርድረው ሲታዩ እድገቱ ራሱ ይናገራል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲነበብ ግን ሁለቱ ምንም አላሉም።

ይህን ክፍተት በኮምፒዩተር እንሞላዋለን የሚሉ ጥናቶች ባለፉት ዓመታት እንደ አሸን ፈልተዋል። አብዛኞቹ የተመሠረቱት ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ለሁሉም ክፍት ባደረገው የንዝረት መዝገብ ላይ ነው፤ ኩሽኔታው 6205 ነው፣ ጉድጓዶቹ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የተቦረቦሩ ናቸው። በዚህ መዝገብ ላይ የሠለጠኑ ፕሮግራሞች ወደ መቶ በመቶ የተጠጋ ትክክለኛነት ያሳያሉ። መዝገቡ ለትምህርት ጥሩ ነው፤ ድምዳሜው ግን ያሳስበኛል። የተቦረቦረ ጉድጓድ አልዛለም፣ አልተሰነጠቀም፣ እያደገም አይደለም። እሱን መለየት አስከሬን መለየት ነው፤ የሚፈለገው ግን ሕመምተኛው ምን ያህል እንደቀረው ማወቅ ነው። በዚህ በኩል የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ያደረገው ሙከራ ይሻላል፤ አራት ኩሽኔታዎችን በደቂቃ 2,000 ዙር፣ ከ2,700 ኪሎ በላይ ጭነት ሥር፣ በተፈጥሮ እስኪበላሹ ድረስ አሽከረከሩ። ከመቶ ሚሊዮን ዙር በላይ ወሰደ። እንዲህ ያለ ሙከራ ውድና አሰልቺ ስለሆነ ጥቂት ነው፤ ሥራው የሚፈልገው ግን እሱን ነው።

ያልተዘጋ ጥያቄም አለ፤ ትልቁ በነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ላይ ነው። በማርሽ ሣጥናቸው ውስጥ ያሉ ኩሽኔታዎች አንዳንዴ ከተሰላላቸው ዕድሜ አንድ አምስተኛ እንኳ ሳይሞሉ ይሰነጠቃሉ። ስንጥቁ ሲቆረጥ ጠርዙ በአሲድ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ እንደ ቢራቢሮው ክንፍ፣ ግን እንደ ዛፍ ሥር ተንሰራፍቶ። አንዱ ወገን ከዘይትና ከውሃ የሚወጣ ሃይድሮጅን ብረቱን ያደክመዋል ይላል፤ ሌላው የኤሌክትሪክ ጅረትን፣ ሌላው ጥቅሎቹ ሳይንከባለሉ የሚንሸራተቱባቸውን ቅጽበቶች ይከሳል። ለእኛም ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በአዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የቆሙት 34 ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ፣ የማርሽ ሣጥን የሌላቸው ናቸው፤ ክንፉ ጄኔሬተሩን በቀጥታ ይነዳዋል። ከዚህ በሽታ ዋና ቤት በንድፋቸው አምልጠዋል ማለት ነው፤ ዋናው የአክስ ኩሽኔታ ግን አይቀርም። የማርሽ ሣጥን ያለው ተርባይን ሲገዛ የዘይቱ ንጽሕና፣ የውሃው መጠን፣ የንዝረቱ መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጃችን መሆን አለበት። ንዝረቱ ከፍ ብሎ ሲገኝ ለማወዳደሪያ ጤነኛ የነበረበት ቀን መዝገብ ከሌለ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይልም።

መካኒኩ «በልቷል» ያለው ኩሽኔታ ታዲያ ብዙ ጊዜ አይጣልም። ከጋራዡ ደጅ የሚጠብቁት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ሳንቃ ላይ አራቱን ገጥመው ቁልቁለቱን ይወርዱበታል። በደረጃው ቋንቋ ያ ኩሽኔታ የሞተ ነው፤ የምስር ፍሬ የምታክለው ቅርፊት ወድቃለች። የሚሸከመው ግን የአንድ ልጅ ክብደት ነው፣ የሚዞረውም ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ነው። የጭነቱ ኩብ እዚህም ይሠራል፦ ጠርዙ ይመታል፣ አስፋልቱ ላይ ይንጫጫል፣ ጉድጓዷ ግን በቀላሉ አትሰፋም። ክረምቱን አልፎ በበጋውም ያው ኩሽኔታ ሲንጫጫ ይሰማል።